ከሰሌዳው የተነቀለችው ካርድ

በዝግጅት ክፍሉ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። የሳምንታዊው ጋዜጣ የሥራ ዕቅድ አውጪ ስለሆነ ሁሉም «ቀጠሮ» ይሉታል። «ሞት ራሱ ቢመጣ፣ ቀጠሮ ይዘሃል ወይ ይለዋል» እያሉም ይሳሳቁበታል።

ግድግዳው ላይ የሰቀለው ሰሌዳ ኩራቱ ነበር። አንድ ጽሑፍ ከዘጋቢ ወደ አራሚ፣ ከአራሚ ወደ ፎቶ ክፍል፣ ከዚያም ወደ ገጽ አቀናባሪው የሚሄድበት መንገድ በካርድ በካርድ ተሰክቶ ይታያል።

ጋዜጣው ደጋግሞ ሲዘገይ፣ ቀጠሮ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ጊዜ የሚበላውን ሥራ ፈለገ። አንዲት ቢጫ ካርድ አገኘ፤ «ለባለፎቶው ደውሎ ማረጋገጥ» ትላለች። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ ጽሑፉ ተገትሮ ያድራል። ነቀላትና መሳቢያው ውስጥ ከተታት፤ ካርዷ የተሰካችበት መርፌ ብቻ ባዶዋን ቀረች። ጋዜጣው በሰዓቱ መውጣት ጀመረ። ዋና አዘጋጁም «አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የሳምንቱን ሥራ ሊደለድሉ ጠረጴዛውን እንደከበቡ በሩ በርግጫ ተበረገደ። የገባው ወጣት የበያጅ ቱታ ለብሷል። በአንድ እጁ የፌሮ ብረት፣ በሌላው ያለፈውን ሳምንት ጋዜጣ ይዟል።

«ይህን ገጽ የሠራው ማነው?»

ገጹ ላይ ሕፃን ሰርቆ ስለተሰወረ ሰው የተጻፈ ዜና ነበር። ቀጠሮ ከዜናው ጎን ያለውን ፎቶ አወቀው። አምና ስለ እጅ ሙያ ሲጽፉ መጋዙን ይዞ እየሳቀ የተነሳ አናጢ ነው። መጋዙ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ፊቱ ብቻ ቀርቷል።

«ወንድሜ ነው» አለ በያጁ። «የዚያ ሌባ ሞክሼ። የሰፈሩ ሰው ጋዜጣችሁን ይዞ ወጣበት። በገዛ መዶሻው ቀጠቀጡት። ትናንት ቀበርነው።»

ዋና አዘጋጁ ተነሳ። «ወንድሜ፣ ረጋ በል። ማስተባበያ እናወጣለን…»

«ማስተባበያ? መቃብሩ ላይ ቆሜ ላንብብለት?»

ፌሮው ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ብርጭቆ ተፈናጠረ፤ ስብርባሪው የዋና አዘጋጁን ግንባር ቀደደው። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ ባለበት ቁጭ አለ።

«ነገር ከሥሩ ነው» አለ በያጁ፣ ወደ ገጽ አቀናባሪው እየዞረ። «አንተ ነህ የለጠፍከው?»

«እኔ የመጣልኝን ነው የምለጥፈው! ፎቶ ክፍልን ጠይቅ!»

ፌሮው ትከሻው ላይ ወረደ። አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ሁሉም ሰማ። ሰውየው ወለሉ ላይ ተጠቀለለ።

ቀጥሎ ያሉት የፎቶ ክፍሉ ማኅደር ጠባቂ ነበሩ፤ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው በዕድሜ የገፉ ሴት።

«እናቴ፣ ፎቶውን የሰጡት እርስዎ ነዎት?»

«ልጄ፣ ፖስታው ላይ ያለው ስም ይኸው ነበር። እኔ ስም አይቼ ነው የማወጣው። ለሰውየው ደውሎ የሚጠይቀው ከእኔ በኋላ ያለው ነበር።»

«ከእርስዎ በኋላ ያለው ማነው?»

የእትዬ ዓይን ወደ ሰሌዳው ሄዶ ባዶዋ መርፌ ላይ አረፈ። ወዲያው ዓይናቸውን ወደ ወለሉ መለሱ።

«እናቴ፣ በእርስዎ ላይ እጄን አያስነሱኝ!»

ፌሮው ተነሳ። ቀጠሮ ዝም ካለ እሳቸው ላይ ያርፋል፤ ከተናገረ እሱ ላይ።

«ተዋቸው!» አለ ቀጠሮ። «ከእሳቸው በኋላ ማንም የለም። እኔ ነኝ መደወሉን ያነሳሁት።»

መሳቢያውን ስቦ ቢጫዋን ካርድ አቀበለው። በያጁ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበባት።

«እንዲህ የሚባል ሥራ ነበራችሁ?»

«ነበረን።»

«ታዲያ?»

«ያዘገየናል ብዬ…»

በያጁ ሳቀ፤ ሳቁ ከፌሮው የባሰ ነበር። «በል ደውል።»

«ለማን?»

«ለባለፎቶው ነዋ!»

እትዬ ፖስታውን ከመደርደሪያው አውጥተው ገፉለት፤ ቁጥሩ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ቀጠሮ ደወለ። ስልኩ ጮኸ፣ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በበያጁ የደረት ኪስ። አወጣው። መስተዋቱ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ ውስጥ ደም ደርቋል። ጮኾ ጮኾ አበቃ።

«ወንድሜ ስልክ ሳያነሳ ቀርቶ አያውቅም» አለ በያጁ ድምፁ እየሰለለ። «ሥራ ይሆናል ብሎ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ ያነሳ ነበር።»

ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ካርዷን የነቀልክበት እጅ የትኛው ነው?»

ቀጠሮ ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ፣ የብርጭቆው ስብርባሪ መሃል ዘረጋ። ዓይኑ ባዶዋ መርፌ ላይ እንደተተከለ ፌሮው ወረደ።