ያስተኙት ዘበኛ

ኪኒኑ ከመምጣቱ በፊት ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ሸዋገነት እህል በረንዳ ባለው መጋዘኗ በር ተቀምጣ ጤፍ ትሸጣለች፤ የባሏ ሙት ዓመት ገና ስላልደረሰ ጥቁር ነጠላዋ እስከ አገጯ ተጠምጥሟል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ በብርድ ያልባታል፤ ጆንያ ከትከሻ በወረደ ቁጥር ብድግ ትላለች።

«አንቺ ሸዋ፣ ጤፉ እኮ አይናከስም!» ትላታለች ጎረቤቷ ሀያቱ፣ በርበሬ እየሰፈረች።

ከሁሉ አብልጣ የምትፈራው ግን የባሏን ታናሽ ወንድም አገኘሁን ነበር። መጋዘኑን እንደሚመኝ ታውቃለች፤ በመጣ ቁጥር ቁልፉን ጉያዋ ትሸጉጣለች።

ሰባተኛ ሰፈር ያለው ሐኪም ጥቁር ነጠላዋን አይቶ «ሐዘን ነው» አለ። ሐዘንተኛን ነጠላሽን ፍቺ ማለት ነውር ነውና አላስፈታትም። የጭንቀት ማስታገሻ ኪኒን ሰጥቶ ሸኛት።

ፍርሃቷ እንደ ጉም በነነ። እጇ ግን መንቀጥቀጡን፣ ልቧም መጋለቡን አልተወም። አንድ ረፋድ አገኘሁ መጣ።

«እትዬ ሸዋ፣ በዚህ እጅዎ ሚዛን አይያዝም። ደንበኛው ሸሸ። ቁልፉን እኔ ልያዝልዎት።»

«ያዝ» አለችው፣ እያዛጋች።

«አበድሽ እንዴ?» ሀያቱ ጮኸችባት። «ያን ያህል ስትደብቂው ኖረሽ!»

በማግስቱ ኪኒኑን አልዋጠችም። ያደረገችው ነገር ሲገባት ደሟ ፈላ፤ በቀጥታ ሐኪሙ ዘንድ ሄደች።

ሐኪሙ የሚንቀጠቀጠውን እጇን አይቶ «እንጨምርልዎት» አለ።

«ምኑን ነው የምትጨምረው? መጋዘኔን እያዛጋሁ አስረከብኩ! ያንን ሰው መፍራቴ እኮ ልክ ነበር!» ንዴቱ አቃጠላት፤ ነጠላውን ከአንገቷ መንጭቃ ወረወረችው።

ሐኪሙ ተጠግቶ አንገቷን አየ። ጉሮሮዋ ላይ ብርቱካን የሚያህል እንቅርት ነበር። የእጇን አንጓ ይዞ የልቧን ምት ቆጠረ፦ በደቂቃ መቶ ሠላሳ ስድስት።

«ይህ እጢ ሆርሞን ከልክ በላይ እየረጨ ነው። ልብዎን የሚያስጋልበውም፣ የሚያስበረግግዎትም እሱ ነው። ኪኒኑ ያደነዘዘው አንጎልዎን ብቻ ነው፤ እጢውን አልነካውም። ለምን አላሳዩኝም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ሌባው ግቢ ውስጥ እያለ ዘበኛውን አስተኛህልኝ!»

እንቅርቱ በቀዶ ሕክምና ወጣ። እጇ ረጋ፤ ጆንያ ሲወርድ ዞር ብላም አታይም። አገኘሁን ግን ጤነኛ ሆናም ፈራችው፤ እየፈራችም ሽማግሌ ፊት አቆመችው።

«በገዛ እጇ ነው የሰጠችኝ» አለ።

«በኪኒኑ እጅ ነው!» አለች።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እንደ ልማዳቸው ሁለቱንም ላለማስቀየም መጋዘኑን በቆርቆሮ ግድግዳ ለሁለት ከፈሉት። ቁልፉን የያዘው እሱ ነውና፣ የአገኘሁ ድርሻ ስድስት ሜትር በአራት፣ የእሷ ሦስት በአራት ሆነ።