አስራ አንድ ሲኒ

«የአክስትሽን ጫማ ለክተሻል አሉ» አለች ጎረቤቷ ኢርማ፣ ቴርሞሱን ይዛ ከኔሊዳ ፊት እንደቆመች። ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስላለች፤ ግን ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ሰምተዋል።

«ለቀብር የሚሆናትን ስመርጥ ነው። አንዱ የጠበባት መስሎኝ...»

«በራስሽ እግር ነው የምትለኪላት?»

ከሴቶቹ አንዷ በአፍንጫዋ ሳቀች። ኔሊዳ ሲኒዋን ዘረጋች። ኢርማ ግማሽ ብቻ ቀድታላት ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

ፎርቱናታ ከሞተች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ቅዳሜ ከሥራ ስትመለስ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ቦርሳዋን እንደያዘች ወደቀች፤ ሰኞ ተቀበረች። የኔሊዳ አክስት ናት፣ የእናቷ ታላቅ። በቺሌ ዋና ከተማ በሳንቲያጎ ከኔሊዳ ሌላ ዘመድ የላትም። የሚኖሩበት አሮጌ ቤት በስስ ጣውላ እየተከፋፈለ እንደነሱ ላሉ የፔሩ ሰዎች የተከራየ ነው፤ አንድ ግቢ፣ ግቢው ውስጥ አንድ ቧንቧ። የእነሱ ክፍል ሁለት አልጋ ይይዛል። በአልጋዎቹ መካከል የተሰቀለው አንሶላ አሁን ተነስቶ፣ የአክስትየዋ አልጋ ላይ ፎቶዋ፣ ሻማ፣ ዳቦና አንድ ፓኮ ሲጋራ ተቀምጧል። ፎርቱናታ በሕይወቷ ሲጋራ አጭሳ አታውቅም። ለሟች ሲጋራ ይቀመጣል ተብሎ ነው የተቀመጠው።

«እስካሁን አንድ እንባ» አለች ሌላዋ ሴት ለጎረቤቷ፣ «አንድ እንኳ።»

ኔሊዳ ሲኒዋን አየች። እውነት ነው፤ አላለቀሰችም። ከአክስቷ ጋር በአንድ ክፍል ስድስት ዓመት ኖራለች። ከስድስቱ አምስቱን ዓመት «ሻማው አለቀ»፣ «በሩን ዝጊ» ከመባባል ያለፈ አልተነጋገሩም።

ከአገሯ የመጣች ቀን አክስቷ አውቶቡስ ተራ ተቀብላታለች። ኔሊዳ ሠላሳ ሰዓት ተቀምጣ እግሮቿ አብጠው ነበር። ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ ፎርቱናታ እጇን ይዛ ሻንጣው ላይ አኖረችው።

«ያዢው፣ ይሰርቁሻል። ደግሞ አትጩሂ።»

«አልጮህኩም እኮ፣ አክስቴ።»

«ጮኸሻል። እዚህ እኛ ስናወራ ጩኸት ነው የሚመስላቸው። ከየት ነሽ ቢሉሽ ‹ከሰሜን› በይ።»

«ከየትኛው ሰሜን?»

«ከሰሜን! እነሱም ሰሜን አላቸው፣ የእኛም አገር ከነሱ በሰሜን ነው። ውሸት አይደለም።»

ትምህርቷ ሁሉ እንዲህ ነበር። ሳቅሽን ቀንሺ፣ ሹራብሽን በስሙ አትጥሪው፣ እዚህ ሌላ ስም አለው፣ አመሰግናለሁ አታብዢ፣ ይንቁሻል። ኔሊዳ አንዳንዴ አክስቷ የተወለደችበትን ተራራ ከነስሙ የዋጠችው ይመስላት ነበር።

«ሐሙስ አምስተኛዋ ቀን ናት» አለች ኢርማ ከክፍሉ ጥግ። አሁን ለሁሉም ነው የምትናገረው። «ልብሷን እናጥባለን። ስለ ቧንቧው ለጠባቂው ለዶን ኤርናን ነግሬዋለሁ፤ ሰማም አልሰማም።»

በእነሱ አገር ሰው በሞተ በአምስተኛው ቀን ልብሱ ሁሉ በሚፈስ ውኃ ይታጠባል። ወንዝ ቢሆን ይሻላል። አንድ ካልሲ እንኳ ከቀረ ነፍስ ካልሲው ላይ ትቀራለች፤ አትሄድም። የሚያጥበው የሥጋ ዘመድ ነው።

ወይዘሮ ሂሜና በዚሁ መሐል ገባች። ፎርቱናታ ትሠራላት የነበረች ሴት ናት። ነጭ አበባ ይዛለች። ሴቶቹ ወንበር ሲለቁላት መቀመጫውን በመሐረብ ጠረግ አድርጋ ተቀመጠች።

«ሃያ አንድ ዓመት እኛ ቤት!» አለች ኔሊዳን እያየች። «እኔ ልጅ ነበርኩ ስትመጣ። ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ ዛሬ በመንገድ? ኦንሴው!»

የኔሊዳ ጆሮ ጋለ።

ቺሌዎች የአመሻሽ ሻይን ኦንሴ ይሉታል። ኦንሴ ማለት አስራ አንድ ማለት ነው። ለምን ሻይ በቁጥር እንደሚጠራ እነሱም አያውቁትም። በፔሩ ኦንሴ ቁጥር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ኔሊዳ በመጣች በአንደኛ ዓመቷ አክስቷ ለእርዳታ ወደ ወይዘሮዋ ቤት ወስዳት ነበር። ያኔ የወይዘሮዋ እናት በሕይወት ነበሩ። አክስቷ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ሂጂ ኦንሴውን አቅርቢ» አለቻት። ኔሊዳም ከመስታወት ቁም ሳጥኑ አስራ አንድ ሲኒ አውጥታ፣ አስራ አንድ ማንኪያ ደርድራ፣ እጇን አጣምራ ቆመች። እንግዶቹ ሦስት ነበሩ። መጀመሪያ አሮጊቷ ሳቁ፣ ከዚያ እንግዶቹ። ከሁሉ በላይ ግን አክስቷ ሳቀች። ጠረጴዛውን ይዛ፣ አፏን ከፍታ፣ ሰሃን ሰብራ ሳቀች። ሳቅሽን ቀንሺ የምትለው ሴት!

ከዚያ ቀን በኋላ ኔሊዳ እዚያ ቤት ድርሽ አላለችም። አንሶላውንም የሰቀለችው እሷ ናት።

«አንቺ ሁለተኛዋ ነሽ እኮ» አለች ወይዘሮ ሂሜና። «የመጀመሪያዋ ራሷ ፎርቱናታ ናት! አልነገረችሽም? በመጣች በሳምንቷ፣ ልክ እንዳንቺ፣ አስራ አንድ ሲኒ! እናቴ ደግሞ ቀልድ ትወድ ነበር፣ ነፍሷን ይማር። ‹የደረደርሽውን ራስሽ ጠጪው› ብላ ቆማ አስጠጣቻት። አስራ አንዱንም። እኔና እህቴ እየቆጠርን! ስምንተኛው ላይ ማልቀስ ጀመረች፣ እናቴ ግን መቅዳቷን አልተወችም።»

ወይዘሮዋ ሳቀች። ከሴቶቹ የሳቀ አልነበረም።

«ያንቺ ዕለትም እናቴ ማንቆርቆሪያውን አንስታ ነበር። ‹ደግሞ ሌላዋ መጣችልኝ› ብላ። ያበላሸችብን ፎርቱናታ ናት። እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋትም። ጭራሽ ሰሃን ሰበረች! የአያቴን ሰሃን። እናቴ በሰሃኑ ተናዳ አንቺን ረሳችሽ።»

ኔሊዳ ሲኒዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሳቁን ታስታውሳለች፣ ሰሃኑንም። ማንቆርቆሪያውን ግን አላየችውም ነበር። ወይም አይታው ይሆናል፤ አሮጊት ሴት ሻይ ልትቀዳ ተነሳች ብላ አልፋው ይሆናል።

«ለማንኛውም» አለች ወይዘሮዋ ቦርሳዋን እያነሳች፣ «ሐሙስ እንግዶች አሉኝ። ሥራ የለሽም አሉ። በአክስትሽ ቦታ ግቢ፣ ውሉን እፈርምልሻለሁ። የደንብ ልብሷም እዚያው አለ፣ ቁመታችሁ አንድ ነው። ሐሙስ ካልመጣሽ ግን አንዲት ኮሎምቢያዊት ትጠብቀኛለች።»

እሷ እንደወጣች ኢርማ ወደ ኔሊዳ ዞረች።

«ሐሙስ? አምስተኛዋ ቀን?»

«ሰምተሻታል።»

«ትሄጃለሽ?»

«የመኖሪያ ወረቀቴ በወሩ መጨረሻ ያበቃል። የፍራፍሬ ማሸጊያው ካባረረኝ ወዲህ ውል የለኝም። ውል ከሌለ ወረቀት የለም፣ ወረቀት ከሌለ...»

«እዚህ ካለነው ወረቀት ያላስጨነቃት ማን ናት? እጅሽን አውጪ!» ኢርማ ሴቶቹን ዞር ዞር ብላ አየች። «ጫማውን ለካች፣ አሁን ደግሞ ቀሚሱን። አልጋውንስ መቼ ነው የምትወርሺው?»

ኔሊዳ ቀስ ብላ፣ «አንድ ልብስ ከቀረ ትቀራለች ብለሽ የለም?» አለች።

«ታዲያ?»

«የደንብ ልብሱ እዚያ ነው ያለው።»



ሐሙስ ጠዋት ግቢው ውስጥ የፎርቱናታን ልብስ ከመሩ። ትንሽ ነው። ሁለት ጉርድ፣ አምስት ሹራብ፣ አንድ የሱፍ ካፖርት፣ ከአገሯ ይዛው የመጣችውና አንድ ቀን እንኳ ለብሳው ያልታየች ጥልፍ ያለበት ቀሚስ። ኔሊዳ ቧንቧው ሥር ተንበርክካ ማሸት ጀመረች። ሦስተኛው ሹራብ ላይ ውኃው ቀጠነ፣ ከዚያም ቆመ።

ዶን ኤርናን፣ የቤቱ ጠባቂ፣ ቆጣሪው አጠገብ ቆሟል።

«ወንዝ አደረጋችሁት እኮ!» አለ። «በባልዲ ቅዱና እጠቡ እንደ ሰው!»

«የሚፈስ መሆን አለበት አልኩህ!» ኢርማ እጅጌዋን እንደሰበሰበች ሄደችበት። «እናትህ ስትሞት ልብሷን ምን አደረግከው?»

«ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት፣ እንደ ክርስቲያን!»

«ለዚህ ነዋ ፊትህ የማይፈታው፣ ትከሻህ ላይ ተቀምጣ!»

«ወደ አገራችሁ ሄዳችሁ እጠቡ!»

«አንተ ክፈት፣ ሌላውን ስንሄድ እናወራለን!»

ሴቶቹ አንድ በአንድ ከየክፍላቸው ወጥተው ከኢርማ ኋላ ቆሙ። ዶን ኤርናን የሆነ ነገር እያጉተመተመ ቧንቧውን ከፈተ። ኢርማ ተመልሳ ከኔሊዳ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ፍጠኚ» አለቻት። «እያሸሽ ነው ወይስ እየዳበስሽው?»

ኔሊዳ ካፖርቱን ስትጨምቅ ነው አንዲት ዓረፍተ ነገር ትዝ ያለቻት። ያን ቀን፣ የሲኒዎቹ ቀን፣ አንሶላውን ሰቅላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ካዞረች በኋላ አክስቷ ከአንሶላው ማዶ ተናግራ ነበር። «ቁጥር መሆኑን ረስቼው ነው» ብላ። ይህንን ብቻ። ኔሊዳ ያኔ በልቧ፣ ውሸታም፣ ብላታለች። ኦንሴ ቁጥር መሆኑን ማን ይረሳል? አሁን ግን አሰበችው። አስራ አምስት ዓመት በየቀኑ ሻይ ያቀረበች ሴት፣ አስራ አንዱንም የጠጣች ሴት፣ ቃሉ ውስጥ ከሻይ በቀር ምንም ሳይቀርላት ቆይቶ ይሆናል። የእህቷን ልጅ እጅ ባዶ ሲኒዎች ፊት ተጣምሮ እስክታይ ድረስ።

ልብሱ ገመድ ላይ ተሰጣ። ኔሊዳ እርጥብ እጇን ጠርጋ አውቶቡስ ተሳፈረች።

የወይዘሮ ሂሜና ቤት አልተለወጠም። የመስታወት ቁም ሳጥኑ እንዳለ ነው። የደንብ ልብሱ፣ ግራጫ ቀሚስ ከነነጭ ሽርጡ፣ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ተሰቅሏል።

«ልበሺው፣ ሊመጡ ነው» አለች ወይዘሮዋ ከላይ ቤት።

ኔሊዳ ከተሰቀለበት አወረደችው። የግራ ኪሱ በአክስቷ ስፌት ተጠግኗል፤ ክሩ ጠበቅ ጠበቅ ያለ ነው፣ እንደ ሴትየዋ። የእቃ ማጠቢያውን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፈተችና ቀሚሱን ከሥሩ አስገባችው።

ስታሽ፣ ስትገለብጥ፣ ደግሞ ስታሽ ወይዘሮዋ ደረሰች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያጠብኩት ነው፣ እመቤቴ።»

«ንጹህ ነው እኮ! በማሽን ታጥቧል!»

«አውቃለሁ።»

«አውቃለሁ? ሰዎቹ በር ላይ ናቸው! ዝጊው ያንን ውኃ!»

ኔሊዳ አልዘጋችውም። ሽርጡ ቀርቷል። ሽርጡንም ከሥሩ አስገባች፣ ሁለቱን ማሰሪያዎች እስከ ጫፋቸው አሸቻቸው፣ ከዚያ ዘጋች። እጆቿ ቀልተዋል። የበሩ ደወል ጮኸ።

«ሌላ የደንብ ልብስ የለም» አለች ወይዘሮ ሂሜና በጥርሷ መካከል። «አንቺ ነሽ ያራስሽው። ልበሺውና ግቢ፣ ካልሆነ በመጣሽበት በር ውጪ።»

ኔሊዳ ጨመቀችው። ለበሰችው። ቀዝቃዛው ጨርቅ ጀርባዋ ላይ ሲለጠፍ ትንፋሿ ተቆረጠ፤ ከዚያ ተመለሰ። በልኳ ነው።

እንግዶቹ አራት ናቸው። አንዷ ሴትዮ የቀሚሱን ጫፍ አየችና ወደ ወይዘሮዋ ቅንድቧን አነሳች። ወይዘሮዋ ቀላች።

«ኦንሴው ደርሷል?» ብላ ጠየቀች፣ ለእንግዶቹ ፈገግ እንዳለች።

«ደርሷል፣ እመቤቴ።»

ቃሉ ካለፈ በኋላ ነው የነቃችው። ኦንሴ ሲባል ሻይ ብቻ ነው የሰማችው። ሲኒዎቹንም ቀድሞ እጇ ደርድሯቸዋል፤ አምስት ሲኒ፣ አንድም አልተረፈ፣ አንድም አልጎደለ።

ቀዳችላቸው። ከዚያ ግድግዳውን ተጠግታ፣ አክስቷ ሃያ አንድ ዓመት በቆመችበት ቦታ፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች። ከኋላዋ የሽርጡን ጫፍ አገኘችው። በሁለት እጇ ያዘችና ጨመቀችው፣ ቀስ ብላ፣ ውኃው ምንጣፉ ላይ ጠብ ጠብ ሲል እየሰማች፣ የሚጨመቅ እስኪያጣ ድረስ።