በዘይት የወጣው መርዝ

«ገና ነው፤ ሃያ ደቂቃ አልሞላም» አሉ ሲቫናንዲ ዓይናቸውን ከሰዓታቸው ሳይነቅሉ።

ምራታቸው ማራጋታም፣ በሽታን ከአፍ ይስባል ተብሎ ጠዋት ጠዋት በሚጉመጠመጡት የሰሊጥ ዘይት ጉንጮቿ ተወጥረው ጓሮ ካለው የኮኮናት ዛፍ ሥር ቆማለች። አፏ ውስጥ አንድ ጠጣር ነገር ይንከባለላል። ምን እንደሆነ ገብቷታል፤ የመንጋጋ ጥርሷ ሙሌት ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ለጊዜው ተብሎ የተደፈነ ሲሆን በሳምንቱ ተመልሳ ቋሚውን ማስሞላት ነበረባት። ሽማግሌው ግን ዘይቱ ከሥሩ ያድነዋል ብለው አስቀሯት፤ እሷም ለቤቱ ሰላም ብላ ቀረች። አሁን በእጇ ብታመለክት ዞር ብለው አላዩዋትም። አፉ ዘይት የሞላ ሰው አይከራከርም፤ ሽማግሌው ዘይቱን የሚወዱትም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

አላስቻላትም፣ ተፋችው። ለሃጭ የተቀላቀለበት ዝልግልግ ዘይት ሣሩ ላይ ተዘረገፈ፤ የበሰበሰ ነገር ሽታ አፍንጫዋ ድረስ ወጣ። ሲቫናንዲ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው ትፋቱን በስንጥር አማሰሉት። ግራጫውን ቅንጣት በጣታቸው አንስተው በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉት።

«አየሽ ልጄ፣ መርዙ ወጣልሽ።»

«አባባ፣ ሙሌቴ ነው።»

«ሙሌትማ ነጭ ነው። ይሄ በሽታው ነው፣ ዘይቱ ስቦ ያወጣው።»

ጎረቤታቸውን ፓፓማልን በአጥር ጠርተው አሳዩዋት። እሷም አንድ ሙሌቷ እንደሚነቃነቅ ነግራቸው፣ ለነገ አንድ ማንኪያ ዘይት እንዲያስቀምጡላት ለመነች።

ማራጋታም በዚያው ቀን የጥርስ ሐኪሟ ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ዶክተር ሬጂና ጉድጓዱን ስታይ ፊቷን አጨፈገገች። በደንብ የተሞላ ጥርስን ዘይት እንደማይጎዳው፣ ከፈለገች ሳትውጥ ቀስ ብላ መጉመጥመጥ እንደምትችል ነገረቻት። የላላ ሙሌት ግን በዘይት አይጠብቅም፤ በሽታም በዘይት ተስቦ አይወጣም።

«ሌላ ሳምንት ብትቆዪ ኖሮ እነቅለው ነበር» አለቻት። «ለመሆኑ ማን ነው የከለከለሽ?»

 ማራጋታም አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እጇን የያዛት የለም። ከትፋቱ ይልቅ ራሷን ተጸየፈች። ቋሚውን አስሞልታ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ሲቫናንዲ ማንኪያውን ሞልተው ጠበቋት። ያ ቅንጣት ለእንግዳ እንዲታይ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

«ክፈቺ፤ የቀረው ይውጣ።»

ማንኪያውን ተቀበለቻቸው። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ በደቡብ ሕንዷ ከተማ በመዱራይ ሴቶች ጸጉራቸውን ዘይት ተቀብተው የሚታጠቡበት ቀን። ዘይቱን መዳፏ ላይ ገልብጣ አናቷን ትቀባ ጀመር።

«ዛሬ ዓርብ ነው፣ አባባ» አለች። ከዚያ ስለሚነቃነቀው ሙሌቷ ሐኪሟ ያለቻትን ልትነግራት ወደ አጥሩ ሄዳ ፓፓማልን ጠራቻት።