ጨው ያልገባበት ወጥ

ቄስ ፍቅረ ሥላሴ የጎረሱትን ቶሎ አልዋጡም። ደጋግመው አላመጡና አጠገባቸው ወደ ተቀመጡት ወደ አቶ ያርጋል ዞር አሉ። አቶ ያርጋልም አቀርቅረዋል።

ወይዘሮ ዘቢደር የሁለቱን ፊት ተራ በተራ አዩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከደባርቅ ዳባት ተመላልሰው፣ ቆመው ለምነው፣ የልጅ ልጃቸውን ሠርካለምን ለወጣቱ ለቻላቸው ለመዳር እሺ ያሰኟቸው ገና አሁን ነበር። ከእሺታው በኋላ የቀረበው ደግሞ ይኸው ዶሮ ነው።

«እሜቴ፣ ቅር አይበልዎትና፣ ጨው ረስተው ይሆን?» አሉ ቄሱ።

የወይዘሮ ዘቢደር እጅ ለምዶ ነው። የሠርካለም ኩላሊት መድከሙ ከታወቀ ወዲህ እዚያ ቤት ወጥ ውስጥ ጨው ገብቶ አያውቅም። «ለብቻዋ ድስት አይጣድላትም፤ የምትበላውን እበላለሁ» ያሉት ራሳቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሷን ገለጥ አድርገው ቁርጭምጭሚቷን አብጦ እንደሆነ ለማየት በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል። ጣታቸው ጎድጓዳ ትቶ ካልተነሣ ያን ቀን ፊታቸው ፈክቶ ይውላል።

«እምዬ፣ በግ ልትገዢ ነው እንዴ እንዲህ የምትዳስሺኝ?» ትላቸዋለች።

ለዛሬ ግን አስጠንቅቀዋት ነበር፦ «አንዲት ቃል እንዳይወጣሽ። ከሰርጉ በኋላ ይደረስበታል።»

«እርጅና ነው፣ አባቴ» አሉና ጨው ሊያመጡ ተነሡ።

«እርጅና አይደለም» አለች ሠርካለም፣ የእጅ ማስታጠቢያውን እንደያዘች። «እኔ ኩላሊቴን ታምሜ ነው። ሐኪሙ ጨርሶ አይለቅሽም ብሎኛል። መድኃኒቴን ካላቋረጥኩ፣ ደም ግፊቴም ካልጨመረ፣ ብዙ ዓመት አብሮኝ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከባሰም እጥበት ይመጣል። ልጅ ልውለድ ብልም ከሐኪም ጋር ተመካክሬ ነው። ለቻላቸው አልነገርኩትም። ይወቀው።»

ወይዘሮ ዘቢደር መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

«ቀጠሮሽ መቼ ነው፣ ልጄ?» አሉ ቄሱ።

«ማክሰኞ፣ ጎንደር።»

«እንግዲያ ቻላቸው አብሮሽ ይሂድ። ሐኪሙን በገዛ ጆሮው ይስማ። የእርስዎም እሺታ፣ እሜቴ፣ እስከዚያው ይቆየን።»

ማፈር የሚገባቸው ወይዘሮ ዘቢደር ነበሩ፤ የመጣባቸው ግን ሌላ ሐሳብ ነው። ይቺን ልጅ ለማን ሊሰጧት ኖሯል?

«ይሂድ። ግን አባቴ፣ እርስዎ የንስሐ አባቱ ነዎትና ይንገሩኝ። ይኽ ልጅ በሽተኛ አስታሞ ያውቃል? ሲደክማት ይሰለቻት ይሆን?»

ቄስ ፍቅረ ሥላሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቱን ልንገርዎትና፣ አላውቅም።»

«እንግዲያ ማክሰኞ እኔም እሳፈራለሁ» አሉ ወይዘሮ ዘቢደር። «እነሱ ከፊት ይቀመጡ። እኔ ከኋላ ሆኜ አየዋለሁ።»