ከማይጠፋው መብራት የተቀጠለ ሽቦ

«ልብስ ሰፊው ነው፤ ኢንተርኔታችንን የሚጠጣው እሱ ነው» ትላለች አክስት።

ጠዋት ትለዋለች፣ ከሰዓት ትደግመዋለች። የሚሰማት ካጣች ለድስቱ ትነግረዋለች። ማስረጃ አለኝ ባይ ናት። ልብስ ሰፊው ከሳሎኑ መስኮት ትይዩ፣ ከአጥራቸው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል የስፌት መኪናቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ስልካቸውን ከፊታቸው አቁመው ሲያዩ በዓይኗ በብረቱ አይታቸዋለች።

«ሲሰፋ ያያል፣ ሲያይ ይስቃል። በገዛ ብሩ ኢንተርኔት የሚገዛ ሰው እንደዚያ ተዝናንቶ አይስቅም።»

«እቴቴ፣ ኢንተርኔት ሾርባ አይደለም፤ አይጠጣም» ትላታለች ኢንጂነር።

ኢንጂነር የቤቱ ታላቅ ልጅ ናት። ስሙን ያወጣችላት ይህችው አክስቷ ስትሆን ያወጣችላትም ለሹፈት ነው። ልጅቱ የምህንድስና ትምህርት በደጁም አላለፈችም። የምትሠራው ስልክ ጥገና ሱቅ ውስጥ ነው። የምታውቀውን ሁሉ ያወቀችው የተበላሸ ነገር ከፍታ፣ የባሰ አበላሽታ፣ ከዚያ እልህ ይዟት እንደገና ከፍታ ነው። ሹፈቱን ግን እንደ ሹመት ተቀብላዋለች። «ኢንጂነር» ሲሏት አንገቷን ቀና አድርጋ ነው አቤት የምትለው።

ታናሽ እህቷ መስማት የተሳናት ናት። በዚያ ቤት ሁሉም ሰው በእጁ ማውራት ይችላል፤ አክስት እንኳ ሐሜቷን በሁለት ቋንቋ ነው የምታሰራጨው። ታናሺቱ የምልክት ቋንቋ ታስተምራለች። በርቀት የሚያስተምር አንድ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሲፈልግ አመለከተች፤ በቪዲዮ የሙከራ ትምህርት እንድትሰጥም ጠሯት። ከኋለኛው ክፍሏ ሆና ጀመረች። ገና ሞቅ ሳይላት፣ ቀኝ እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ፣ ምስሉ ደረቀ። ሌላ ሰው ምስሉ ቢደርቅበት ድምፁ ይተርፈዋል። ለእሷ ግን ምስል ሲደርቅ አፏ ተለጎመ ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ደግ ሆኖ ሌላ ዕድል ሰጣት፦ ሐሙስ ጠዋት ደግመሽ አሳዪን፣ አሁንም ከተቋረጠ ግን ሌላ ሰው እንፈልጋለን።

ታናሺቱ መልእክቱን ለእህቷ አሳየቻትና ትከሻዋን ነቀነቀች። ኢንጂነር ደግሞ እህቷ ዝም ስትል አትወድም።

«ሐሙስ ቤቱ ይፈርሳል እንጂ ምስልሽ አይደርቅም» አለቻት በእጇ።

የቤቱ ራውተር የኢንተርኔት አቅራቢው በነጻ የሰጣቸው፣ ሳሎን መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ቀላል ሳጥን ነበር። ከእሱ እስከ ኋለኛው ክፍል ሁለት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አለ። ዋይፋዩ የመጀመሪያውን እየተንገዳገደ ያልፍና ሁለተኛው ሥር ይወድቃል። ስለዚህ ኢንጂነር አገልግሎቱን ጨርሶ ከቢሮ የወጣ ዕቃ አሰባስባ መጣች፦ ጡብ የሚያክል ከባድ ራውተር፣ ባለ ብዙ ቀዳዳ የኬብል ማከፋፈያ፣ ጣሪያ ላይ የሚለጠፉ ሰሃን የመሰሉ ሁለት የዋይፋይ ማሰራጫዎች፣ አንድ ጥቅል ሰማያዊ ኬብል። ሁሉንም ሳሎን ምንጣፍ ላይ ደርድራ ስታየው ሙሽራ የምታይ ነበር የምትመስለው።

እናት ከበሩ ሆና አየችና «ይሄ ሁሉ ለእኛ ቤት ነው ወይስ ባንክ ልንከፍት ነው?» አለች።

«ባንክማ እንዲህ ያለ የት ያገኛል።»

ድንጋዩን መብሳት ቀላል አልነበረም። መሰርሰሪያው ጮኸ፣ አቧራው ቤቱን ወፍጮ ቤት አስመሰለው፣ አክስት አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍና ግድግዳውን ስለሠሩት ግንበኞች ዘር ማንዘር አወራች። ኢንጂነር ግን ደስታዋ ከአቧራው ጋር ይጨምር ነበር። ኬብሉን በጣሪያው ጠርዝ ቀጥ አድርጋ ዘረጋችው። ቀጫጭኑን ሽቦ በየቀለሙ ለይታ ጫፉን ስትገጥም ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ነበር። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ጽፋ ለጠፈች። ማንም አያነበውም፤ እሷ ግን ስም የሌለው ኬብል ስታይ ያማታል።

የቀረው አንድ ችግር የእናት እጅ ነው። እናት የበራ ነገር አትወድም። ሰው የሌለበት ክፍል ስትገባ አምፖሉን ታጠፋለች፣ ሶኬት ላይ የተሰካ ነገር ካየች ትነቅላለች። «ያላጠፉት ነገር ቤት ያቃጥላል» ነው የምትለው። ሳሎን ያለውን ራውተር እንዳትነካ አስምላታለች፤ እናትም ለመሐላዋ ታማኝ ናት። በኋለኛው ክፍል ጣሪያ ላይ ለተለጠፈው ማሰራጫ ግን የእናት እጅ የማይደርስበት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል።

ኢንጂነር ወለሉ ላይ ተጋድማ ጣሪያውን ስታይ መልሱን አገኘችው። በዚያ ቤት የማይጠፋ መብራት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከራሷ በላይ ነበር። ታናሺቱ ልጅ ሳለች ጨለማ ያስለቅሳት ነበር፤ የማይሰማ ሰው ጨለማ ውስጥ ዓለም የሚባል ነገር የለውምና። አባታቸው በሕይወት ሳለ ክፍሏ ጣሪያ ላይ ትንሽ አምፖል ተከለላት፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ከበሩ ውጭ አደረገው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያቺ መብራት ቀንም ሌሊትም በርታለች። እናት እንኳ አትደፍራትም። ኢንጂነር መሰላል ላይ ወጥታ የማሰራጫውን ሽቦ ከእሷ መስመር ላይ ቀጠለች። ወርዳ እጇን እያራገፈች የገዛ ብልሃቷን አደነቀች።

በኋለኛው ክፍል ኢንተርኔቱ እንደ ጎርፍ ወረደ። ታናሺቱ ከጓደኛዋ ጋር ስታወራ ምስሉ ከመጥራቱ የተነሣ የጥፍሯ ቀለም ሳይቀር ታየ። ኢንጂነር አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

በማግሥቱ ተቋረጠ።

ብዙ አልቆየም፤ ትንሽ ደርቆ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደረቀ። በሌላውም ቀን እንዲሁ። ኢንጂነር ሳሎን ከራውተሩ ፊት ኮምፒውተሯን ታቅፋ ተቀመጠች። ሳሎን ያለው ማሰራጫ ፍንክች አይልም፤ የኋለኛው ግን ይሞትና ይነሣል። ኬብሉን ቀየረች። ሁለቱን ማሰራጫዎች አቀያየረች። ሶፍትዌሩን አደሰች። ያው ነው።

«በምሳ ሰዓት ነው የሚብስበት፤ አላስተዋልሽም?» አለች አክስት ሽንኩርቷን እየከተፈች። «ልብስ ሰፊው መቼ ነው መኪናውን አቁሞ ስልኩን የሚያነሣው? በምሳ ሰዓት።»

ኢንጂነር እንደ ወትሮዋ ልትስቅባት አፏን ከፈተች፤ ሳቁ ግን አልመጣም። ነገሩ እውነት በምሳ ሰዓት ይብሳል። ሐሙስም ቀርቧል። የይለፍ ቃሉን ቀየረች፤ አሁንም ተቋረጠ። የገባውን ስልክ ሁሉ አየች፤ ከቤተሰቡ ውጭ ማንም የለም። ይኼ ደግሞ ይባስ አናደዳት። ተደብቀው የሚገቡበትን ዘዴ አውቀዋል ማለት ነው አለች በልቧ። ሰው እልህ ሲይዘው አእምሮው ለአክስቱ ይታዘዛል።

ረቡዕ ማለዳ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄዳ በራቸው ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ደህና አደሩ። እርስዎ ጨርቅ ይቀዳሉ እንጂ የሰው ኢንተርኔት ይቀዳሉ ብዬ አልጠረጠርኩም ነበር።»

ልብስ ሰፊው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩዋት። በአፋቸው የያዙትን መርፌ አውጥተው ኮታቸው ላይ ሰኩ።

«በዚህ ሳምንት የእናንተን ኢንተርኔት ነክቼ ከሆነ ይህ መቀስ ጣቴን ይቁረጠው» አሉ ረጋ ብለው። «አክስትሽን ሰላም በያት።»

ኢንጂነር የተሳለ ምላሷን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሳሎን አልተቀመጠችም። ኮምፒውተሯን አንሥታ ታናሽ እህቷ ክፍል ገባችና ከጎኗ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እህቷ ለነገው ትምህርት ከጓደኛዋ ጋር በቪዲዮ እየተለማመደች ነበር።

ምሳ ደረሰ። ከጣሪያው ትንሿ መብራት ጠፋ በራ፣ ጠፋ በራ አለች። በዚያ ቤት ታናሺቱ የምትጠራው እንዲህ ነው፤ እናት በበሩ ስታልፍ ማብሪያ ማጥፊያውን ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች፣ ልጅቱም ትነሣለች። ኢንጂነር ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስታየው የኖረችው ነገር ስለሆነ ቀና ብላም አላየችም።

ምስሉ ደረቀ።

«ይኸው፣ ይኸው መጣ» አለችና ኮምፒውተሯ ላይ ተደፋች።

ታናሺቱ ትከሻዋን ነካች። መጀመሪያ ወደ መብራቷ ጠቆመች። ቀጥላ ወደ ማሰራጫው። ቀጥላ ወደ ደረቀው ምስል።

«ለምሳ ስትጠሩኝ ነው ሁልጊዜ የሚጠፋው» አለች በእጇ። «ለሻይ ስትጠሩኝም ይጠፋል።»

ኢንጂነር ቀና ብላ መብራቷን አየች። ማሰራጫውን የቀጠለችው ማንም ከማያጠፋው መብራት ላይ ነው፤ ማንም አያጠፋውም፣ እህቷን ሲጠራ ብቻ ካልሆነ በቀር። ብልጭ ባለ ቁጥር ማሰራጫው ይሞታል፣ ነፍስ እስኪዘራም ጊዜ ይፈጃል። ይህን ስሕተት ዓለም ላይ ሌላ ቤት ሊሠራው አይችልም።

«አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«እናንተ ስለ ልብስ ሰፊው ስታወሩ ማን ጠየቀኝ?»

ሁለቱም ሳቁ፤ ኢንጂነር ዓይኗ እስኪያነባ። ከዚያ ቆጣሪውን አጥፍታ መሰላሉን አቆመች። የማሰራጫውን ሽቦ ከአምፖሉ ነቅላ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ሳይደርስ ከሚያልፍበት መስመር ላይ ቀጠለችው። እናት እንድትሞክር ተጠራች። ቀጭ ቀጭ አደረገች፤ መብራቷ ብልጭ አለች፣ ምስሉ ዓይኑንም አላሸም። እናት ነገሩ ጣማትና ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ስታበራ ስታጠፋ ቆየች።

«የበራ አትወጂም አልነበር?» አለቻት ኢንጂነር።

«እያጠፋሁም ነው እኮ።»

ሐሙስ ታናሺቱ ከጀርባዋ ንጹሕ መጋረጃ ዘርግታ ከኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ ተማሪዎቹ በየሣጥናቸው ተደርድረዋል፤ ከታች ሁለት መምህራን ይመለከታሉ። ኢንጂነር ካሜራው በማያያት ጥግ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ትምህርቱ ተጀመረ፣ ሞቀ፣ ጣቶቹ ክንፍ አወጡ። ሊያልቅ ሲል መብራቷ ብልጭ ብልጭ አለች። አክስት ናት፤ ከልማድ የተነሣ ረስታ ለምሳ እየጠራች ነው።

ምስሉ ግን ወንዝ ነው፤ አንዲት ጣት አልጎደለችበትም። ታናሺቱ መብራቷን ቀና ብላ አይታ ወደ ተማሪዎቿ ዞረች። «አክስቴ ናት። ምሳ ደርሷል፣ ትምህርት ይብቃ እያለች ነው» አለቻቸው። በየሣጥኑ ያሉት ሁሉ ሳቁ፤ መምህራኑም ሳቁ። ከመሰናበታቸው በፊት አንደኛዋ መምህርት «ሰኞ እንጠብቅሻለን» አለቻት።

አክስት በሩ ላይ ቆማ «እኔ ባልጠራት ኖሮ መች ይስቁ ነበር» አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ኢንጂነር ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ልብስ ሰፊውን ሻይ ጠራች። የድሮው ራውተር የሚወላከፈው የሻይ ጠረጴዛ እግር ሥር ገብቶ ሥራ አግኝቷል። ኢንጂነር ቆማ ይቅርታ ጠየቀች። ልብስ ሰፊው ስኒያቸውን ይዘው በጨዋ ደንብ አዳመጡ። «ይቅርታሽን ተቀብያለሁ፤ ወጣትነት ነው» አሉ። አክስት ወደ ጓዳ ስኳር ፍለጋ ሄደች።

እሷ እንደዞረች ልብስ ሰፊው ስኒያቸውን አስቀምጠው ወደ ታናሺቱ ተመለከቱና ሁለት እጃቸውን አነሡ። «ለሥራሽ እንኳን ደስ አለሽ። ክንድሽን አንሺ፣ ልለካሽ፤ ለሥራ የሚሆን ቀሚስ እሰፋልሻለሁ» አሉ በምልክት፤ አንዲት ቃል ሳትሰበር።

ኢንጂነር ሻይዋ አፏ ላይ ቀረ። ወደ እህቷ ዞረች።

«ጋሼ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ዩኒፎርም ይሰፋሉ» አለች ታናሺቱ በእጇ፣ ወደ ጓዳው በር አየት እያደረገች። «ልለካችሁ ማለት ፈልገው ነበር። የመጀመሪያ ተማሪዬ እሳቸው ናቸው።»

ከዚያ ጣቷን ወደ ጠረጴዛው እግር ዘረጋች።

«የዚያን ሳጥን የይለፍ ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ። አዲሱን እስክትሰቅዪ ድረስ፣ ዓመቱን ሙሉ የምልክላቸውን ቪዲዮ እያዩ የተማሩት በእኛ ኢንተርኔት ነው።»