የሃልቫር ወንበር

የመንደሩ ሰው ደግ ነው፤ ደግነቱ ግን ሃልቫርን ወንበር ላይ ቸነከረው። በየዓመቱ የበጋው አጋማሽ በዓል ሲደርስ፣ ትልቅ ትንሹ በአገሩ የጭፈራ ልማድ በአበባ ባጌጠው ምሰሶ ዙሪያ እንደ እንቁራሪት ቁጢጥ ብሎ ሲዘል፣ የሚስቱ ወንድም ቢርየር ትራስ ያለው ወንበር አምጥቶ ከዛፍ ሥር ያኖርለታል። "አረፍ በል ወንድሜ፣ ለወገብህ" ይለዋል። አይ ቢርየር! የሃልቫር የታመመ ወገብ የሚጠላው ነገር ቢኖር እረፍት ነው። በተቀመጠ ቁጥር አከርካሪው ድርቅ ይላል። ግን ለደግ ሰው ይህ እንዴት ይነገራል? እያመሰገነ ይቀመጣል።

አምና ልጁ ቲራ "አባዬ፣ የሁሉም አባት ይዘላል። አንተ መቼ ነው የምትዘለው?" አለችው። ያን ቀን ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ወሰነ።

ሐኪሟ ማይሊስ ክረምት ላይ አስረዳችው። "ሰውነትህ ዘበኞች አሉት። በመሃላቸው ወሬ የምታመላልስ ፕሮቲን አለች። እሳት ሳይኖር እሳት ተነሳ ትላለች፤ እነሱም ደንግጠው የገዛ አከርካሪህ ላይ ይዘምታሉ። ይህ መርፌ የወሬኛዋን አፍ ይይዝልናል።"

"ለአማቴም አንድ ይጨምሩልኝ፣ ዶክተር።"

"ለእሷ የሚሆን ገና አልተሠራም።"

መርፌውን ጭኑ ላይ መወጋት ጀመረ። ባይሠራስ ብሎ ከሚስቱ በቀር ለማንም አልተነፈሰም። አንድ ጠዋት ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ራሱ አሰረ፤ ደስ ብሎት ፈትቶ ደግሞ አሰረው።

በዓሉ ደረሰ። ቢርየር ወንበሩን ተሸክሞ ከች አለ። "ይኸው ዙፋንህ።"

"ዘንድሮ አንተ ንገሥበት" አለና ሃልቫር የቲራን እጅ ያዘ። ልጁ ፊት ወገቡ ቢከዳውስ? የጭፈራው አኮርዲዮን ሲጀምር እንደ ምንም ቁጢጥ አለ። አንዴ ዘለለ። ደገመ። በሦስተኛው ሚዛኑን ስቶ በጀርባው ሣሩ ላይ ተዘረረ።

አኮርዲዮኑ ቆመ። ቢርየር ፊቱ አመድ መስሎ ወንበሩን እንደያዘ ወደ እሱ ሮጠ። ሃልቫር ግን እንባው እስኪወርድ ይስቃል።

"ወገብህስ?"

"ወገቤ ደህና ነው። መዝለል ነው የረሳሁት።"

ቲራ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከላይ ታየዋለች። "አባዬ፣ እንቁራሪት እንዲህ አይወድቅም። ተነስ፣ እንደገና።"

ተነሳ። ዘለሉ። ቢርየርም ከደስታው ብዛት ገባበት፤ ያ ሁሉ ሆዱ አብሮት እየዘለለ ሁለት ዙር እንደሄደ ጉልበቱን ይዞ ማለክለክ ጀመረ። ቲራ ሄዳ ወንበሩን እየጎተተች አመጣችለት።

"አረፍ በል አጎቴ" አለችው፣ "ለወገብህ።"