ከክፍል ጋር የተጣላችው ገለቴ

ኢንስፔክተር አረጋ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የከሰሰችው ገለቴ ራሷ ለጠየቃት ሁሉ ትናገር ነበር። ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ አራስ ይጠይቃል፣ ከለቅሶ አይቀርም። ብቻ ከላሊበላ ወጣ ብላ ባለችው በወይራ አምባ ከተማ የሚያዝዘው የፖሊስ ጣቢያ አንዲት የእስር ክፍል ብቻ ነበረችው፤ እዚያች ውስጥ ደብዳቢውንም፣ ከብት ሌባውንም፣ ጥርሱን ነቅሎ ያልጨረሰ ልጅንም አንድ ላይ ይከታል። ክፍሏን በወግ «ማረፊያ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ሰው ገብቶባት እንደማያውቅ ገለቴ ትምላለች።

ነገሩ የጀመረው ልጇ ይታገሱ የመኪና መስታወት በድንጋይ ሰብሮ የተያዘ ጊዜ ነው። ይታገሱ ከስሙ በቀር ትዕግሥት የሚባል ነገር የለበትም። ገለቴ ስፌት ሰፍታ ላሊበላ ለሚመጡ እንግዶች የምትሸጥ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ሥራዋን ጥላ ወልድያ ወረደችና ማኅሌት የምትባል ወጣት ጠበቃ ይዛ ተመለሰች። ማኅሌት በጣቢያው ስላሉት ልጆች ሁሉ ክስ መሠረተች። ሕገ መንግሥቱ ልጆች ከአዋቂዎች ተለይተው ይያዙ ይላልና ይለዩ፣ ብርሃን ያለው ክፍልም ይሰጣቸው አለች። ኢንስፔክተሩ መጥሪያው ሲደርሰው በጣም አዘነ። በማግሥቱ ይታገሱን በዋስ ለቀቀውና ነገሩ ያለቀ መስሎት እፎይ አለ።

አላለቀም። ገለቴ ልጇን መደብ ላይ ጋደም በል ብትለው ጉልበቱን አቅፎ ግድግዳውን ተደግፎ አሸለበ።

«ዘርጋ እንጂ እግርህን» አለችው።

«ልምድ ሆኖብኝ ነው። ዘመን የሚባለው ልጅ እኮ ከእኔም ያንሳል፤ እሱ ቆሞ ነው የሚያድረው። ትልልቆቹ ካልተነሡ ቦታ የለም። ጠያቂ እንኳ የለውም።»

ዘመን ከሙጃ በኩል የመጣ፣ እናት አባት የሌለው ልጅ ነው። ገለቴ ክሱን ማንም እንደማያስተዋት የወሰነችው ያን ጊዜ ነው።

ችግሩ ገለቴና ኢንስፔክተሩ የአንድ የሚካኤል ማኅበር ጠጪዎች መሆናቸው ነው። የተጣላ ሰው ደግሞ ሳይታረቅ ጽዋውን አይቀምስም። ስለዚህ ማኅበርተኛው ሙሴ የሚላቸው የማኅበሩ መሪ ጋሽ ጥሩሰው፣ ቄሱን አባ ተክለ ሚካኤልን ይዘው ለሽምግልና መጡ።

«ልጅሽ ወጥቶልሻል፤ ምን ቀረሽ?» አሉ ጋሽ ጥሩሰው። «አንቺ ክሱን ተይ፣ እሱም ይቅር ይበልሽ፤ ለሚካኤል ለት አብረን እንጠጣ። አለበለዚያ ከማኅበሩ መውጣትሽ ነው።»

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ባሏን የቀበረላት፣ ስትታመም የሚደርስላት ይኸው ማኅበር ነው። ገለቴ ፈራች። ስትፈራ ደግሞ ምላሷ ይሰላል።

«ጋሼ፣ እኔ ከጋሽ አረጋ መች ተጣላሁ? የተጣላሁት ከክፍሉ ጋር ነው።»

«ከክፍል ጋር የተጣላ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ገብታችሁ አስታርቁን። የዚህ ወር ተረኛ እኔ አይደለሁ? ዝክሩን እስረኞቹ ዘንድ ክፍላቸው ውስጥ ላድርገው። አባቴ፣ አንቱስ ክልክል ነው ይላሉ?»

አባ ተክለ ሚካኤል ጢማቸውን ያዙ። የታሰረ መጠየቅ የታዘዘ ነገር ነው፤ ምን ብለው ይከልክሉ? «ኧረ ጽድቅ ነው» አሉ፣ ሳይወዱ በግድ።

ኢንስፔክተሩ ሲነገረው ፊቱ ፈካ። ማኅበሩ ጣቢያው ድረስ መምጣቱን እንደ ክብር ቆጠረው፤ ግቢውን አስጠረገ፣ ደጁን ቄጠማ አስጎዘጎዘ። ክፍሏን ግን ትዝ ያለው የለም።

የሚካኤል ለት አባ ተክለ ሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው ገቡ። ሙሴው ጽዋውን አቅፈው ተከተሉ። የቀረው ማኅበርተኛ ሲጨመር ክፍሏ ሞላችና የኋለኞቹ የፊተኞቹን ገፉ። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው፤ በሩን ደግሞ ወፍራሙ ኢንስፔክተር ደፍኖታል። አባ ጸሎት ጀመሩ፤ ጠረኑ ትንፋሻቸውን ያዘው። አንድ እግራቸውን ቢያነሡ መልሰው የሚያሳርፉበት አጡና የሰው እጅ ረገጡ። የማኅበሩ ጸሎት የዚያን ቀን ያህል አጥሮ አያውቅም።

ጋሽ ጥሩሰው ዳቦውን ሲያድሉ የትልልቆቹ እጅ እየቀደመ ወሰደው። «ልጆቹስ?» አሉ።

«ከኋላ ናቸው» አለ አንድ እስረኛ፣ አፍሮ።

ሙሴው ወደ በሩ ዞሩ። «አረጋ፣ ና እስቲ። ለእነሱ አንተ አድርስላቸው።»

ኢንስፔክተሩ ዳቦውን ይዞ ገባ። ሲወጣ ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

ተዘዋዋሪው ችሎት ላሊበላ ላይ ሲያስችል የመንግሥት ዐቃቤ ሕጉ ክፍሉ በቂ ነው ብሎ ተከራከረ። ማኅሌት ምስክሮቿን ስታስጠራ፣ ለሽምግልና መጥተው የነበሩት ሰዎች ተነሡ። አባ ተክለ ሚካኤል ለጸሎት እንኳ መቆሚያ እንዳጡ ተናገሩ። ዐቃቤ ሕጉ፣ እነዚህ የከሳሿ ማኅበርተኞች ስለሆኑ ያደሉላታል አለ።

«የአረጋም ነን» አሉ ጋሽ ጥሩሰው፣ ቅር ብሏቸው።

ዐቃቤ ሕጉ ኢንስፔክተሩን ራሱን አስጠራ። ምነው በቀረበት።

«ክፍሉን በየቀኑ ይቆጣጠራሉ፣ አይደል?»

«እስከ ሚካኤል ድረስ ከበሩ አልፌ አላውቅም ነበር» አለ ኢንስፔክተር አረጋ። ድምፁ ወረደ። «ከበር ሆኜ ስም ስጠራ አቤት ይላሉ፤ በቃ ደህና ናቸው እላለሁ። ያን ቀን ዳቦ ይዤ ስገባ አንድ ልጅ ቆሞ አንቀላፍቷል። ዳቦውን እጁ ላይ ሳደርግለት አልነቃም።»

ገለቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ዳኛው ልጆቹ ዛሬውኑ ይለዩ አሉ። ጣቢያው ውስጥ መስኮት ያለው ክፍል ግን የኢንስፔክተሩ ቢሮ ብቻ ነበር። ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛውን ራሱ እየጎተተ በረንዳ ላይ አወጣው። ገለቴ ሰሌን ዘረጋች፣ ልጆቹም ገቡ። ዘመን ወለሉን በዓይኑ ለካና «የእኔ የት ጋ ነው?» አላት።

«ደስ ያለህ ቦታ» አለችው።

በሩ ሥር ጋደም አለና ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኢንስፔክተሩ ወደ ቤቱ ሊሄድ ተነሣ። ወደ ቢሮው በር መጣና የልጁ እግር ደጃፉ ላይ ተዘርግቶ ሲያይ ቆመ።

«ገለቴ፣ ቆቤ ግድግዳው ላይ ቀርታለች» አላት በሹክሹክታ።

«ሲነቃ ይወስዷታል» አለችው።

ኢንስፔክተሩ ባዶ ራሱን ወደ ቤቱ ሄደ።